የክር ዘመን

የበዓል ዋዜማ ነው፤ እንቁጣጣሽ ወይም ፋሲካ። ሙዚቃ ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ሁሉ የየሱቁ ድምፅ ማጉያ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሯል። ሙጫው ያልደረቀ ፖስተር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ዘፋኙ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ መንገደኛውን ያያል። በሩ ላይ የቆመው ጎረምሳ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ወጣ? ሻጩ ራሱን ይነቀንቃል። ወጥቷል።

«ካሴት ወጣ» ከተባለ ሰፈሩ ለሳምንታት ሌላ ወሬ የለውም። ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማው የማን ነው፣ ማን አቀናበረው፣ የትኛው ባንድ አጀበው የሚለው በየሻይ ቤቱ ይከራከሩበታል። ገዢው ሳያስፈትሽ አይሄድም። ሻጩ ካሴቱን ዴኩ ውስጥ ከትቶ ከሳይድ ኤ ጥቂት ያሰማዋል፤ ገልብጦ ከሳይድ ቢም ያሰማዋል። ሙሉውን ለመግዛት አቅም ያነሰው ደግሞ ባዶ ካሴት ይዞ፣ የሚወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ይመጣል። ባለሱቁ ወረቀቱን በካሴቱ ላይ በላስቲክ አስሮ ከሌሎቹ ጋር ወረፋ ያስይዝለታል። ነገ ከሰዓት ተመለስ።

ይህ ልማድ ሠላሳ ዓመት ገደማ ኖረ። ያኔ ወጣት የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ታሪኩ ግን በወጉ አልተነገረም። ዛሬ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የሚጽፉ፣ በተለይ የውጭ አገር ሰዎች፣ «ወርቃማው ዘመን» የሚሉት የሸክላውን ዘመን ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይጀምርና ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ያበቃል። ቀጥሎ የመጣው ካሴት እንደ ውድቀት ይቆጠራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሸክላው የከተማ ዘናጮች ነበር። ዘፈኑ የሁሉ ሰው የሆነው በክሩ ነው።

## ሸክላና ጎፈሬ

ከክሩ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። ዘፈን በሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት ሊታሰር እንደሚችል እያወቀ ይህን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ ነበር። አገር ውስጥ ማተሚያ ስለሌለ የተቀዳው ድምፅ ባሕር ተሻግሮ ይታተምና በጥቅል ተጭኖ ይመለስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ብዙዎች አሊ ታንጎ እያሉ የሚጠሯቸው አሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ገቡበት።

የባንዶቹ ሥር ከዚህ በጣም ይርቃል። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች በዚያው መንገድ ሄዱ። በ1960ዎቹ የምሽት ክበቦች ሲስፋፉ ከእነዚህ ኦርኬስትራዎች የወጡ ሙዚቀኞች የግል ባንድ እያቋቋሙ በየሆቴሉ መጫወት ጀመሩ።

ከሙዚቃው ጋር መልኩም መጣ። አስመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር በቃኘው ጣቢያ ራዲዮ፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ በገቡት የሰላም ጓድ አስተማሪዎች፣ በሲኒማ ቤት ሸራ በኩል የአሜሪካ ጥቁሮች ዘፈንና አለባበስ ገባ። ጎፈሬ ተበጠረ። ቤልቦተም ሱሪ ጫማን ሸፈነ። የሴቶች ቀሚስ ከጉልበት በላይ ወጣ። ጎፈሬ ከጥንትም የጀግና ምልክት ነበርና አባቶች ልጆቻቸውን በሙሉ ልብ ሊቆጡ አልቻሉም።

ሚኒው ግን ያለ ጠብ አላለፈም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የተዘጋጀ የልብስ ትርኢት ላይ ተማሪዎች ተነሱ። የባዕድ ባህል ወረራ ነው አሉ፤ ሕዝቡ ሲራብ እናንተ ልብስ ታሳያላችሁ አሉ። ነገሩ ወደ ሰልፍ ተሸጋገረ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ይህን ታሪክ እንደ ቀልድ የሚያወሩት አሉ፤ እኔ ከዚያ ትውልድ ከባድ ጥያቄዎች አንዱ እንደሆነ አምናለሁ። የማንን መልክ እንልበስ የሚለው ጥያቄ የማንን አገር እንገንባ ከሚለው ጋር አንድ ላይ ተነሥቷል። 

ይህ ሁሉ የከተማ ነገር ነበር። ሸክላ ማጫወቻ ውድ ነው፣ መብራት ይፈልጋል፣ መርፌው ያልቃል፣ ሸክላው ራሱ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ ነው የሚይዘው። አዲስ አበባና አስመራ ሲጨፍሩ አብዛኛው የአገሩ ሕዝብ እነዚያን ዘፈኖች ከሰማም የሰማው በራዲዮ ነበር፤ ራዲዮው ደግሞ ራሱ የመረጠውን ነው የሚያሰማው።

## ክሩ ለምን አሸነፈ

ካሴትን ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 በርሊን ላይ ለሕዝብ አሳየ። መጀመሪያ የታሰበው ለንግግር መቅጃ ነበር። መዳፍ ውስጥ በሚገባ ሣጥን ውስጥ የብረት ዝገት የተለበጠበት ቀጭን ፕላስቲክ ተጠቅልሏል፤ የስድሳ ደቂቃው 90 ሜትር ገደማ ይረዝማል። እኛ ያንን «ክር» አልነው፤ ስሙም ለዕቃው ራሱ ተረፈው።

ወደ እኛ ሲመጣ ያሸነፈባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። ውጭ አገር ማሳተም ቀረ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ሸክላ ማሳተምን እያከበደ ሲሄድ፣ አምሃ እሸቴም ወደ አሜሪካ ሲሰደድ፣ ካሴት ግን ሁለት ዴክ ባለው ሱቅ ውስጥ እዚሁ ይባዛ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሸክላ መታተሙ ፈጽሞ ቆመ። ካሴት ዐሥር ዘፈን ያህል ይይዛል። ከሁሉም በላይ ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል።

ይህን የመጨረሻውን ምክንያት ሙዚቀኞች ብዙ አያነሱትም፤ የገጠር ሰዎች ግን መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው። መብራት በሌለበት ወረዳ ሠርግ በቴፕ ተደገሰ። ድንጋዩ ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየተጎተተ ይወፍራል፤ ያኔ ድንጋዮቹ ወጥተው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፣ ለአንድ ሁለት ዘፈን የሚሆን ጉልበት ይመለስላቸዋል። በዓል ሲደርስ ገበያ የወጣ ገበሬ ከጨውና ከነጭ ጋዝ ጋር ባትሪ ድንጋይ ይገዛ ነበር። ጥላሁን ገሠሠን ወይም ማሕሙድ አሕመድን መቼና ምን እንደሚሰማ ሰው ራሱ የወሰነው ያን ጊዜ ነው።

> ድንጋዩ ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየተጎተተ ይወፍራል።

## ሌሊቱ ሲዘጋ

ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት በሰዓት እላፊ ኖረች። ሰዓቱ ይለዋወጥ ነበር፤ ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት ግን አደጋ ነው። ክበብ የገባ ወይ በጊዜ ይወጣል ወይ እስኪነጋ ተዘግቶበት ያድራል። ዋልያስ በሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ኋላም ሮሃ ባንድ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ተጫውተዋል። ያንን ዘመን ያዩ ሙዚቀኞች ሲያወሩ ሁለት ነገር አብሮ ይወጣል፤ ፍርሃቱ፣ እንዲሁም እስኪነጋ መጫወት ጣትን እንዴት እንዳፍታታ።

ሌላው ወጣት ግን ቤቱ ነበር። የዓመት በዓል ጭፈራ፣ ልደት፣ ምርቃት ወደ ሳሎን ገባ። መጋረጃ ይዘጋል፣ ቴፑ መሀል ይቀመጣል። ሁሉም የየራሱን ካሴት ይዞ ይመጣል፤ ቴፑን የሚቆጣጠረው ልጅ የቤቱ ሹም ነው። ሌሊቱ ከውጭ የተዘጋበት ከተማ ጭፈራውን በካሴት አስገብቶ ቤት ውስጥ አኖረው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ «ወርቃማው ዘመን በሰዓት እላፊ ተቀጨ» የሚለውን አባባል በግማሽ ብቻ ነው የምቀበለው። ክበቡ ተቀጭቷል። ጭፈራው አልቆመም።

በሌላ በኩል የቀበሌ ኪነት ቡድኖች ነበሩ። የተቋቋሙት የአብዮቱን መዝሙር እንዲዘምሩ ነው፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ መድረክ ላይ አወጡ። ከዚያ የወጡ ድምፃውያን ኋላ የካሴት ኮከብ ሆነዋል። ግጥም በሳንሱር ያልፍ ነበርና ገጣሚዎች ቅኔ ያስተማራቸውን ሰምና ወርቅ አወጡ፤ ስለ ሄደች ፍቅረኛ የሚመስል ዘፈን ስለ ተሰደደ ወንድም እንደሆነ አድማጩ ሳይነገረው ያውቃል። ሳንሱሩ ሰሙን ፈርሞ ይመልሳል፣ ሰው ወርቁን ይሰማል።

የውጭ ሰብሳቢዎች የካሴቱን ዘመን የሚነቅፉበት ዋና ነገር ድምፁ ነው። የነፋስ መሣሪያው ቡድን ቀነሰ፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ገባ፣ ነገሩ ረከሰ ይላሉ። አንዳንዱ እውነት ነው፤ በአንድ ሰው ኪቦርድ ተቸኩለው የተቀዱ፣ እርስ በርስ የማይለዩ ካሴቶች ሞልተዋል። ግን ኃይሉ መርጊያን እንውሰድ። የዋልያስ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ከቀሩት አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን አንድ ካሴት ቀዳ። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ተሰማ፣ ተረሳ፤ እሱም ኋላ ታክሲ ነጂ ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንኑ ካሴት ባሕር ዳር አገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው፣ ኃይሉ መርጊያም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ያ ሥራ የተሠራው «ረከሰ» በተባለው መሣሪያ ነው፣ የተረፈውም በተናቀው ክር ላይ ነው።

## በመስኮት በኩል የሚያልፍ ዘፈን

ክሩን አገር ያዞሩት ሾፌሮች ናቸው። አውቶቡስ ተራ ሳይነጋ መኪናው ሲሞቅ የመጀመሪያው ካሴት ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ መንፈሳዊ መዝሙር ወይም መንዙማ። ፀሐይ ወጥታ ከተማው ወደ ኋላ ሲቀር ወደ ዘፈን ይቀየራል። በድሮ ሾፌሮች ወግ እንደሚሰማው አመራረጡ እንደ መንገዱ ነበር። ደጀን ከመድረሱ በፊት ዓባይ በረሃ ሲወረድ ጸጥ ያለ ትዝታ፣ ደሴ መንገድ ላይ አምባሰል፣ ተሳፋሪው ሲያንቀላፋ ጉራጊኛ። ምሳ የሚበላበት ከተማ የሻይ ቤቱ ባለቤት አዲሱን ካሴት ከሾፌሩ ተውሶ ያስቀዳል። በዚህ መንገድ አዲስ አበባ የወጣ ዘፈን ከጋዜጣ ቀድሞ ጎንደር ይደርስ ነበር። ካርቱም ድረስም ዘልቋል፤ ሱዳኖች የአማርኛ ዘፈን በቃል እንደሚይዙ እዚያ በስደት ያለፈ ሁሉ ይመሰክራል።

ከዘፈኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ዓይነት ካሴት አለ። ደብዳቤው።

በ1970ዎቹ እና በ1980ዎቹ ብዙ ሰው ወጣ፤ በሱዳን አድርጎ አሜሪካና አውሮፓ፣ በኋላም ለሥራ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት። ስልክ ውድ ነበር፣ ለብዙ ቤተሰብ ጭራሽ የለም። ደብዳቤ ለመጻፍ ደግሞ ማንበብና መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያልተማረች እናት የልቧን ለጎረቤት ልጅ ነግራ ማስጻፍ አለባት፣ ለጎረቤት የማይነገር ነገር አለ። ቴፑ ይህን ፈታው። ባዶ ካሴት ይገዛል፣ ቀዩ ቁልፍና ማጫወቻው አንድ ላይ ይጫናሉ፣ እናት ትናገራለች።

እንዲህ ያሉ ካሴቶችን የሰሙ ቤተሰቦች የሚሉት ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ሰላምታው ረጅም ነው፤ የቤተሰቡ ስም አንድ በአንድ ይጠራል፣ ላሙና ጥጃውም ሳይቀሩ። ቀጥሎ ቴፑ ወደ እያንዳንዱ ሰው ይዞራል። ልጅ ያፍራል፣ ይገፋል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ይሮጣል። አያት መሣሪያውን አልለመዱትምና እየጮኹ ይናገራሉ፣ ይመርቃሉ፣ ምርቃቱ አሜን እንዲባልለት ቆም ይላሉ፤ ጅዳ ያለችው ልጅ በሁለተኛው ወር ብቻዋን አሜን ትላለች። መርዶም በካሴት የተላከበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ይህን ይከለክላል፣ መርዶ በሰው ነው የሚነገረው።

> ምርቃቱ አሜን እንዲባልለት ቆም ይላሉ።

ካሴት ስለሚወደድ ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ባዶ ካሴት ላይ አልተቀዱም። የሰለቸ የዘፋኝ ካሴት ይወሰዳል፤ ከላይ ጫፉ ላይ እንዳይሰረዝ የተሰበረችው ትንሽ ቀዳዳ በወረቀት ወይም በፕላስተር ትደፈናለች፣ በላዩ ላይ ይቀዳል። ሽፋኑ ላይ ያለው የዘፋኙ ፎቶ እዚያው ይቀራል።

## ማስቀዳት

ዘፈን የማስቀዳቱ ልማድ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የተጎዳበት ሰው አለ። ዘፋኙ በአብዛኛው የሚከፈለው ከሙዚቃ ቤቱ ጋር በተስማማበት አንድ ጊዜ በሚሰጥ ገንዘብ ነበር። ገጣሚውና የዜማ ደራሲው ደግሞ ከእሱ ያነሰ ያገኙ ነበር። ከዚያ በኋላ ካሴቱ ስንት ጊዜ ቢቀዳ፣ በስንት አውቶቡስ ቢዘፈን ወደ እነሱ የሚመለስ ሳንቲም የለም። ያሳተመው ሙዚቃ ቤትም ይከስር ነበር፤ ሐሰተኛ ሽፋን ያለው ቅጂ በሳምንቱ ጎዳና ላይ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። አምባሰል፣ ታንጎ፣ ኤሌክትራ የመሰሉ ሙዚቃ ቤቶች አርማቸውን ከካሴቱ ሽፋን ላይ አጉልተው ቢያትሙም፣ ወንበዴው አርማውን ጭምር ያትመው ነበር።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ከብዙ ጩኸት በኋላ ነው፤ በወጣ ጊዜ ካሴት ራሱ ወደ ማብቂያው ተቃርቦ ነበር። በዚህ ጉዳይ ያለኝ ስሜት የተከፈለ ነው። ማስቀዳት ባይኖር ኖሮ ያ ሙዚቃ ደጀን ባልደረሰ ነበር፤ ስለኖረ ግን ድንቅ ዜማ የደረሱ ሰዎች በችግር ሞተዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያቃልለውም።

ቀጥሎ የሆነው ፈጣን ነው። ሲዲ መጣ፤ ቪሲዲ መጣና ዘፋኙን ከነውዝዋዜው በየሳሎኑ አስገባ። ፍላሽ መጣ፤ ሱቁ ያው ሱቅ ሆኖ «ካሴት እንቀዳለን» የሚለው ጽሑፍ «ፍላሽ እንሞላለን» በሚል ተተካ። ቴሌግራምና ዩቲዩብ ሱቁንም አስቀሩት። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ የድሮ ሙዚቃ ቤት የነበሩ በሮችም አብረው ሄዱ።

## ማን ያስቀምጠው

ሸክላው ዘመዶች አግኝቷል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ የድሮዎቹን ሥራዎች በሲዲ አሳተመ፤ የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ እ.ኤ.አ. በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገባ፤ ዛሬ አንድ የአምሃ ሪከርድስ ሸክላ በውጭ ገበያ በብዙ መቶ ዶላር ይሸጣል። ይህ ሥራ ትልቅ ውለታ ነው። ግን አንድ ነገር አስከትሏል፤ ከታሪካችን የትኛው ይቀመጥ የሚለውን የመረጠው የሸክላ ሰብሳቢ ጆሮ ሆነ። ከሸክላው በኋላ የመጣው፣ ቁጥሩም በጣም የሚበልጠው የካሴት ሥራ፣ በየቤቱ አልጋ ሥር በካርቶን ተቀምጧል።

ክር ደግሞ እንደ ሸክላ አይታገሥም። ዝገቱን ከፕላስቲኩ ጋር ያጣበቀው ሙጫ እርጥበት ይጠላል። ሻጋታ በጥቅልሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ካሴቱ ለዓመታት ሳይዞር ሲቀመጥ የአንዱ ዙር ድምፅ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የራሱ ጥላ በሩቅ ይሰማል። የ120 ደቂቃው ክር በጣም ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይላላል፤ ቴፑ ካሴቱን የሚበላውም ብዙ ጊዜ እሱን ነው። ዛሬ የሚሠራ ዴክ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ ጎማው ይደርቃል፣ ጎማውን የሚተካ ጠጋኝም እየጠፋ ነው።

አሁንም ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የሚያዛውሩ ጥቂት ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራቸው አቋራጭ የለውም። ጥቅልሉ መጀመሪያ እስከ ጫፍ ተጠቅልሎ ይመለሳል፣ እንዲላቀቅ። ማንበቢያው ጭንቅላት በአልኮል ይጠረጋል። የተሰበረ ሣጥን በብሎን ወደሚፈታ ሌላ ሣጥን ይዛወራል፣ የተበጠሰው ክር በቀጭን ማጣበቂያ ይቀጠላል። ከዚያ ይለቀቃል፤ ስድሳ ደቂቃው ስድሳ ደቂቃ ይወስዳል፣ ሰውየውም አጠገቡ ተቀምጦ ማዳመጥ አለበት። አንድ ካርቶን ካሴት ይዞ የመጣ ደንበኛ ይህን ሲሰማ ከሁሉም አስቀድሞ የትኛው ይሠራ የሚለውን መወሰን ይኖርበታል።

ደንበኞች ብዙውን ጊዜ ታዋቂውን ዘፋኝ ያስቀድማሉ። ልምድ ያላቸው አዛዋሪዎች ግን ተቃራኒውን ይመክራሉ፤ ታትሞ የተሸጠ ካሴት ሌላ ቅጂ አንድ ቦታ አይጠፋም፣ ቤት ውስጥ የተቀዳው ግን በዓለም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። ሽፋኑንም አትመኑ ይላሉ። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ያለችውን ቀዳዳ እዩ፤ በወረቀት ወይም በፕላስተር የተደፈነ ካሴት ካለ፣ ሽፋኑ ላይ ማንም ይሁን ማን፣ እሱ ይቅደም።